ስልኬ ውስጥ የገባው ሙጫ፦ ዩቪ ግላስን፣ ጄል ጥፍርንና የዓሣ መንጠቆን ምን አገናኛቸው?

ባለፈው ዓመት ቦሬ ላይ አንድ ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። ስክሪኑ ጎንና ጎኑ የታጠፈ፣ ሲያዩት የሚያምር። ዋጋውን አልናገርም፣ እናቴ ይህን ገጽ ታነባለች። የታጠፈ ስክሪን ላይ ተራው መስታወት ጠርዙ ስለማይይዝ «አንተን ዩቪ ነው የሚያዋጣህ» ተባልኩ። ልጁ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመ፣ ከትንሽ ጥቁር ጠርሙስ ወፈር ያለ ውሃ የመሰለ ነገር ስክሪኑ መሐል ላይ አፈሰሰ፣ መስታወቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠበት። ሙጫው ራሱ እየተሳበ ሄዶ ጠርዝ ድረስ ሞላ። ከዚያ ሐምራዊ መብራት አበራበት። ያዘዝኩት ሻይ ሳይደርስ ሥራው አለቀ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ስትደውል ድምጿ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምታወራ ይመስል ነበር። በሳምንቱ ደግሞ የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ አልጫን አለ። ስልክ ዛሬ ስልክ ብቻ አይደለም። ቴሌብሬ እዚያ ነው፣ የባንኩ አፕ እዚያ ነው፣ ለዚህ ገጽ የምሠራውም በእሱ ነው።

ለሌላ ጉዳይ ነጌሌ ስወርድ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ከፈተው፣ በአጉሊ መነጽር አየውና ጠራኝ። «ና እየው፣ ጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ያለው ሙጫ አሁንም እርጥብ ነው። ቁልፉ ጋ ያለው ደግሞ ድንጋይ ሆኗል።»

አንድ ጠርሙስ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ስልክ። ግማሹ ሳምንት ሙሉ እርጥብ፣ ግማሹ ድንጋይ። እንዴት? ይህን ለመረዳት ስል ነው ወደዚህ ሁሉ ጣጣ የገባሁት።

አይደርቅም፣ ይያያዛል

በልማድ «ሙጫው ደረቀ» እንላለን። ቤት ውስጥ ያለው የጥፍር ቀለም በእርግጥ ይደርቃል፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይተንና ቀለሙ ይቀራል፣ የሚሸተንም እሱ ነው። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው ደግሞ አየር ላይና ዕቃው ላይ ካለችው ትንሽ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው፣ ለዚህ ነው ጣታችንን ከምንጠግነው ጫማ ቀድሞ የሚይዘው። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲ ድብልቁ ራሱ ያጠነክረዋል፣ አንዴ ከተቀላቀለ ጠብቀኝ ቢሉት አይሰማም።

የዩቪ ሙጫ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት በአብዛኛው አክሪሌት የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ናቸው፣ ለየብቻቸው የሚዋኙ። አብሯቸው በትንሽ መጠን ሌላ ነገር አለ፣ ብርሃን ሲነካው የሚሰነጠቅ። ቀስቃሽ እንበለው። ብርሃኑ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ አጠገቡ ያለውን አክሪሌት ይይዛል፣ ያ ደግሞ ቀጣዩን፣ ያ ቀጣዩን።

የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶችን፣ ቱላዎቹን፣ በአካል ባታዩ በቪዲዮ አይታችኋል። ሰው ከታች እስከ ላይ ተደርድሮ እየዘፈነ ውሃውን በኦኮሌ ከእጅ ወደ እጅ ያሻግራል። ከታች አንዱ መጀመር አለበት፣ እሱ ካልጀመረ የተደረደረው ሁሉ ቆሞ ነው የሚውለው። ሙጫው ውስጥም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ እዚህ እጅ የተያያዘው አይላቀቅም። ሰንሰለቱ ከሰንሰለት ጋር ተጠላልፎ መረብ ይሆናል፣ ፈሳሹ በሰከንዶች ውስጥ ጠጣር ይሆናል።

ስለዚህ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ላይ ሰንሰለቱ የሚጀምርበት ምክንያት የለም። ጆሮ ማዳመጫዬ ውስጥ የገባው ሙጫ ጨለማ ውስጥ ነበር፣ ዓመት ቢቀመጥም እርጥብ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ቁልፉ ጋ የሾለከው ግን ሐምራዊው መብራት በጎን አግኝቶታል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦክስጅን ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ኦኮሌውን ከመሐል እንደሚነጥቅ ሰው። አየር የሚነካው የላይኛው ስስ ገጽ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል። ጄል ጥፍር የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፣ መጨረሻ ላይ በአልኮል የሚጠረገው እሱ ነው።

የትኛው ብርሃን?

ሰማያዊና ሐምራዊ ከምናየው ብርሃን ጫፍ ላይ ናቸው፣ ዩቪ ከእነሱ ቀጥሎ ያለውና ዓይናችን የማያየው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ትናንሽ የዩቪ ባትሪዎች አብዛኞቹ 395 ናኖ ሜትር አካባቢ ያበራሉ፣ ሐምራዊ ሆነው የሚታዩንም ከሚታየው ብርሃን ጋር ስለሚዋሰኑ ነው። 365 የሚባሉትም አሉ፣ እነሱ ደብዘዝ ብለው ነው የሚታዩት። «ደብዛዛ ስለሆነ ደካማ ነው» ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ዓይናችሁ ስላላየው ነው። ዋናው ነገር የሙጫው ቀስቃሽ የሚፈልገውና መብራቱ የሚሰጠው መገጣጠማቸው ነው። ካልተገጣጠሙ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ገንፎ የሆነ ነገር ታገኛላችሁ። ሱቅ ውስጥ ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚያበሩት ትንሽ መብራትም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ግን ሙጫ ለማጠንከር አቅም ያንሰዋል።

ነፃው መብራት ደግሞ ከላይ አለ። የነጌሌ ፀሐይ ላይ ክዳኑ ክፍት የሆነ የዩቪ ሙጫ በር ላይ አስቀምጡና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ጠርሙሱ አፍ ላይ ቡሽ ሠርቶ ይጠብቃችኋል። ጠርሙሱ ጥቁር የሆነው ለዚህ ነው። የቦሬ ልጆች «እኛ ጋ ጉም ነው፣ አይመለከተንም» እንዳትሉ። ጉምና ደመና ዩቪውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ከፍታ ደግሞ ይጨምረዋል፤ በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይባላል። ቦሬ ከነጌሌ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሰማዩ የጠራ ቀን ከሆነ፣ በረዷችሁ እያለም የቦሬ ፀሐይ በዩቪ ከቆላው ትብሳለች። የመስኮት መስታወትም ሙሉ በሙሉ አያድንም፣ ሙጫውን የሚያጠነክረው የዩቪ ዓይነት በብዛት ያልፋል።

ሰው ሠራሽ ዝንብ

ስለዚህ ሙጫ ፍለጋ ስገባ ከጠበቅኩት ውጪ የሆነ ሰፈር ውስጥ ራሴን አገኘሁት፣ ዓሣ አጥማጆች ጋ። ሙጫውን ከማንም በላይ በዝርዝር የሚከራከሩበት እነሱ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከገናሌ ወዲያ ማዶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ ወብና ዳንካ በሚባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። አገሬው አይደለም፣ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ወብ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ መጨረሻ ላይ ከገናሌ ጋር ነው የሚገናኘው፣ ስለዚህ በውሃ ከቆጠርነው ጎረቤት ነን። ትራውት የሚበላው በአብዛኛው ውሃ ላይና ውሃ ውስጥ ያሉ ነፍሳትን ነው። አጥማጁም መንጠቆው ላይ ላባ፣ ፀጉርና ክር እየጠመጠመ ነፍሳት የሚመስል ነገር ይሠራል። ሰው ሠራሽ ዝንብ። አንዳንዱ ከጤፍ እህል ብዙም አይበልጥም፣ ባዶ ዓይን አይበቃውም። ኬንያ ውስጥ ይህን በእጅ እየሠሩ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚልኩ ሠራተኞች አሉ፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ አንዷ በቀን ደርዘን በደርዘን የምትጠመጥም። (ይህን ሳነብ «ሥራ አጥ ነን» የምንል የደቡብ ልጆች ትዝ አሉኝ። ድንበሩ ሞያሌ ነው እኮ።)

ዝንቡ ሲያልቅ የክሩ ጫፍ ይታሰራል። ካልታሸገ የዓሣ ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያገኘው ይተረተራል። ድሮ በቫርኒሽ ነበር የሚታሸገው፣ እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈልጋል። ቀጥሎ ኢፖክሲ መጣ፣ እሱም እስኪይዝ ድረስ ወደ ታች ስለሚንጠለጠል መንጠቆውን በትንሽ ሞተር እያዞሩ መጠበቅ ነበረባቸው። የዩቪ ሬዚን ይህን ልማድ ገለበጠው። ጠብታውን ታስቀምጣለህ፣ በመርፌ ቅርጽ ታስይዛለህ፣ ካላማረህ ታስተካክላለህ፣ አይቸኩልም። ደስ ሲልህ መብራቱን ታበራለህ፣ አለቀ። የነፍሳቱን የሚያበራ ጀርባ፣ የትንሿን ዓሣ ዓይን፣ ሁሉንም በእሱ ይሠሩታል።

ከእነሱ የተማርኩት ግን ለስልክ ጠጋኝም ለጥፍር ሠሪም ይሆናል። በስሱ ደራርብ ይላሉ፤ ወፍራም ጠብታ ላዩ ይጠነክርና ውስጡ ፈሳሽ ይቀራል፣ በዚያ ላይ ሰንሰለቱ ሲያያዝ ሙቀት ስለሚወጣ ወፍራሙ ጠብታ ያቃጥላል። ጥቁር ክርና ጥቁር ቀለም ብርሃን ይውጣሉ፣ ከሥራቸው ያለው ሙጫ ብርሃን አያገኝም። መስኮት አጠገብ አትሥራ፣ ብሩሽህ ላይ ይደርቅብሃል። ላዩ ካጣበቀ በአልኮል ጥረግ።

የጥርስ ሐኪሙም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጥርስ ስታስሞሉ አፋችሁ ውስጥ የሚበራው ሰማያዊ መብራት የዚህ ሙጫ የአጎት ልጅ ለሆነ መሙያ ነው፣ ዩቪ ሳይሆን ሰማያዊ ብርሃን የሚቀሰቅሰው። ሐኪሙ በአንዴ ሞልቶ የማይጨርሰውም ለዚሁ ነው፤ የተለመደው መሙያ በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተደረበ፣ እያንዳንዱ ድርብ ለብቻው እየበራበት ነው የሚሠራው።

ወደ ስልካችን እንመለስ

ዩቪ ግላስ ለምን ተፈለገ? ለታጠፈ ስክሪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሳምሰንግ ኤስ10 ደግሞ ሌላ ምክንያት ጨመረ፤ አሻራ የሚያነበው ከስክሪኑ ሥር በድምፅ ሞገድ ነው፣ በስክሪኑና በመስታወቱ መሐል አየር ካለ ሞገዱ አያልፍም። ፈሳሽ ሙጫ ያን ክፍተት ይሞላዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው። በጥንቃቄ ከተሠራ በእርግጥም ከሁሉም ጥርት ብሎ የሚታየው እሱ ነው።

ችግሩ ፈሳሽ መሆኑ ነው። ሻዖሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ለደንበኞቹ ይህን ዓይነት መከላከያ እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቋል። ሙጫው ወደ ቁልፍና ወደ ድምፅ ማውጫ እየገባ ቁልፍ ያበላሻል፣ ድምፅ ያዛባል፣ ስልኩም በራሱ ሊጠፋና ሊነሳ ይችላል፣ እንዲህ የተበላሸው ደግሞ ከዋስትና ሊወጣ ይችላል ብሏል። የእኔ ስልክ ላይ የደረሰው ነገር ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ያገለገለ ስለገዛሁ ዋስትና የሚባል ነገር ድሮም አልነበረኝም።

አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። እጃችን ላይ ያሉት ቴክኖዎች፣ ኢንፊኒክሶች፣ የሳምሰንግ ኤ ስልኮች አብዛኞቹ ስክሪናቸው ጠፍጣፋ ነው። ለጠፍጣፋ ስክሪን ዩቪ አያስፈልግም፣ ተራው መስታወት ይበቃል። «ዩቪ ይሻላል» የሚላችሁ ሰው ዋጋው ስለሚሻል ሊሆን ይችላል። ስክሪናችሁ የታጠፈ ከሆነና የግድ ካላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ሠሪውን ተመልከቱት። ጆሮ ማዳመጫውን፣ ማይኩን፣ ቁልፎቹንና የቻርጀር ቀዳዳውን በቴፕ ይሸፍናል? ጠረጴዛው የተስተካከለ ነው ወይስ ስልኩ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል? የተረፈውን ሙጫ መብራቱን ከማብራቱ በፊት ነው የሚጠርገው ወይስ በኋላ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ካበራ በኋላ የሚጠረግ ነገር የለም፣ የሚፋቅ እንጂ። ለእኔ የሠራልኝ ልጅ ካበራ በኋላ ነበር በጥፍሩ ሲፍቅ የነበረው፣ እኔም ትጋት መስሎኝ አመስግኜዋለሁ።

ለጠጋኞች ደግሞ አንድ ቃል። ቦርድ ላይ ለቀጠናችሁት ቀጭን ሽቦ መሸፈኛ የምታደርጉት አረንጓዴው ሙጫም ይኸው ዘር ነው። ቀለም ስላለው ብርሃን ወደ ውስጥ በቀላሉ አይዘልቅም፣ በስሱ ካልሆነ ከላይ ጠንክሮ ከሥር እርጥብ ይቀራል።

ጥፍር፣ እና ቆዳ

ሻኪሶ ያለች አንዲት ጓደኛዬ ቤቷ ውስጥ ጄል ትሠራለች። ሺላክ ትለዋለች፣ ሁላችንም እንደምንለው። መብራቱንም ቀለሙንም ቴሌግራም ላይ ነው የገዛችው። ከተወሰነ ወራት በኋላ የጣቷ ጫፎች መሰንጠቅና ማሳከክ ጀመሩ። ኦሞ ነው አለች፣ ቀጥላ ሽንኩርት ነው አለች። ጓንት አድርጋ ብታጥብም አልተዋትም።

ያልጠነከረ አክሪሌት ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲነካ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። አለርጂው አንዴ ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ልክ ነው። የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚህ ጉዳይ ሲያስጠነቅቅ፣ ነገሩ ጥፍር ላይ ብቻ እንደማይቆም ተናግሮ ነበር፤ አክሪሌት የጥርስ መሙያና የመገጣጠሚያ አጥንት ሕክምና ላይም ስላለ፣ ሰውየው ነገ ሐኪም ቤት ሲሄድም ሊከተለው ይችላል። የሃያ ዓመት ልጅ ለጥፍር ብላ የሰባ ዓመት ጉልበቷን ስታስቸግር አስቡት። በአውሮፓ ኅብረት ዋናው ተጠርጣሪ፣ በላቲን ፊደል ኤች-ኢ-ኤም-ኤ ተብሎ የሚጻፈው፣ ጥፍር ላይ በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት ተገድቧል። ቲፒኦ የሚባለው ቀስቃሽ ደግሞ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ከመራባት ጋር ተያይዞ አደገኛ ተብሎ ስለተመደበ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ በመዋቢያ ውስጥ ታግዷል። እዚያ የታገደ ዕቃ ዓለም ላይ ከመሸጥ አያቆምም፣ ስለዚህ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ደግሞ ባትገዙት ይሻላል።

ቀለሙ ቆዳ ከነካ ሳይበራበት ወዲያው ይጠረግ፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ። አሴቶን ወይም አልኮል ቆዳ ላይ ማሸት አይረዳም፣ ይልቁንም እንዲሰራጭ ሊያግዘው ይችላል። ጓንት ካደረጋችሁ ናይትራይል የሚባለው ይሁን፤ የተለመደውን የላቴክስ ጓንት አክሪሌት በደቂቃዎች ያልፈዋል። ናይትራይሉም ቢሆን ከተበከለ ይቀየር።

ስለ መብራቱም ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የተሠራ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሳህን ላይ ያሉ የሰውና የአይጥ ሕዋሳት በጥፍር መብራት ለ20 ደቂቃ ሲበራባቸው ከ20 እስከ 30 በመቶው ሞቱ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲሆን ከ65 እስከ 70 በመቶ። የተረፉትም ዘረ መላቸው ላይ ጉዳት ታየ። አስፈሪ ነው፣ ግን ልብ በሉ፤ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ እጅ ላይ እንዳለው ቆዳ ሽፋን የለውም፣ ጥፍር ሲሠራ የሚበራውም አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ ያነሰ ነው። በወር አንዴ የምትሠራ ሰው እጇ ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ብትቀባ ወይም ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ብታጠልቅ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ መብራቱ አጠገብ ለምትውለው ለሠሪዋ ነው ይበልጥ የማስበው። መብራቱን፣ የስልኩንም ቢሆን፣ ፊት ለፊት አትዩት። አብዛኛው ስለማይታያችሁ ዓይናችሁ ሸሽቶ አይጠበቅም።

ጓደኛዬ አሁን ጄሉን ለጊዜው አቁማ ሹሩባ ላይ ናት፣ ጣቶቿ ቀስ በቀስ እየተሻላቸው ነው። የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄድ የምትሠራበትን ጠርሙስ ይዛ እንድትሄድ ነግሬያታለሁ፣ ሐኪሙ ምን እንደነካት ካላወቀ ምን ብሎ ይመርምራት?

የእኔ ስልክ ደግሞ ጆሮ ማዳመጫው ተቀየረ። ድንጋይ የሆነውን ቁልፍ ጠጋኙ በምላጭ ጫፍ እየፋቀ ግማሽ ሰዓት ታገለውና ድምፅ መጨመሪያው ተመለሰ፣ መቀነሻው ግን እስካሁን ሁለት ጊዜ ካልተጫነ አይሰማም። መስታወቱን ልናነሳው ስናሞቀው ተሰነጠቀ። አሁን ያለ ምንም መከላከያ ነው የምይዘው፣ ባጃጅ ላይ ስሳፈር በሁለት እጄ።